ውሃ ስለሚያነደው ድንጋይ

ውሃ እሳትን እንደሚያጠፋ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። ቤት በተቃጠለ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ እንስራውንና ባልዲውን ይዞ የሚሮጠው ይህንኑ በማመን ነው። ነገር ግን ይህ የቆየ ዕውቀት የማይሠራበት፣ እንዲያውም ሰውን ወደ ጥፋት የሚመራበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ካርባይድ የሚባለው፣ በኢጣልያ ቋንቋ ካርቡሮ የሚሉት፣ ግራጫ ድንጋይ የሚመስል ነገር ነው። ደረቅ ሆኖ ሳለ እንደ ማናቸውም ድንጋይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይፈላል፣ ይግላል፣ እሳት ቶሎ የሚይዘው ጋዝም ያወጣል። ጋዝ ስንል በአየር መልክ ያለውን ነገር ማለታችን ነው እንጂ በፋኖስ የሚነደውን ላምባ አይደለም።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን፣ አንዳንድ ዕቃ ከዕውቀቱ ቀድሞ ወደ አገር የሚገባ መሆኑ ነው። ዕቃው ቀድሞ ዕውቀቱ ሲዘገይ በመካከሉ ጉዳት ይገባል። ካርባይድ ለሚያውቀው ሰው ታማኝ አገልጋይ ነው፤ ለማያውቀው ግን በበርሜል የታሸገ እሳት ነው። ስለዚህ አሠራሩንና ባሕርዩን፣ ጥቅሙንና አደጋውን በየተራው ለመግለጽ እንሞክራለን።

ነገሩን ከአገር ጋር ለማስማማት ሐይቅንና አምባሰልን እናንሣ። የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛል። በአጠገቡ ያለው ሐይቅ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ብዙ ደቀ መዛሙርት ባስተማሩበት በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስሙ የታወቀ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ያለው የአምባሰል አገር ደግሞ ግሼን ማርያምንና ውጫሌን ይዟል። በዚህ አገር ቆላማው ክፍል ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል፤ በአውራ ጎዳናው የሚመላለሰው መኪናም የሚጠግነውና የሚበይደው ሰው ይሻል። እንግዲህ ካርባይድ ወደ አንድ አገር የሚገባባቸው ሁለቱ በሮች እነዚህ ናቸው፤ አንደኛው የብረት ሥራ፣ ሁለተኛው የፍራፍሬ ንግድ። ውሃ በቅርብ ባለበት አገር ደግሞ እሳት በተነሣ ጊዜ የሕዝቡ የመጀመሪያ አሳብ ወደ ውሃው መሮጥ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከማንም አስቀድሞ ይህን ነገር ማወቅ የሚገባው እንዲህ ያለው አገር ነው።

ካርባይድ የሚሠራባቸው ሁለት ነገሮች ለእኛ እንግዶች አይደሉም፤ ኖራና ከሰል ናቸው። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲቃጠል ነጭ ኖራ ይሆናል። ይህ ውሃ ያልነካው ኖራ ኮክ ከሚባለው፣ ከድንጋይ ከሰል ተጣርቶ ከሚወጣው ከሰል ጋር ይደባለቅና 2000 ዲግሪና ከዚያም በላይ እስኪደርስ ድረስ ይጋላል። አንጥረኛ በወናፉ የሚያገኘው ሙቀት ከዚህ ብዙ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ኖራና ከሰል ከጥንት ጀምሮ በሰው እጅ ቢኖሩም ካርባይድ ሳይገኝ ብዙ ዘመን አለፈ። የተገኘውም በኤሌክትሪክ ኀይል ነው። ከከሰል የተሠሩ ወፋፍራም ዘንጎች ወደ እቶኑ ውስጥ ይወርዳሉ፤ ኤሌክትሪኩም በእነርሱ በኩል ሲያልፍ ድብልቁ ቀልጦ እንደ ውሃ ይሆናል። ቀላጩ በእቶኑ ግርጌ በኩል ይቀዳና በቅርጽ ማውጫ ገንዳ ውስጥ ይረጋል፤ ከበረደም በኋላ እርጥበት በሌለበት ስፍራ ተሰባብሮ አየር በማያስገባ የቆርቆሮ በርሜል ይታሸጋል።

ሒሳቡን ማወቅ ለሚሻ ሰው ሚዛኑ እንዲህ ነው። 56 ኪሎ ንጹሕ ኖራና 36 ኪሎ ንጹሕ ካርቦን ቢደባለቁ 64 ኪሎ ካርባይድና 28 ኪሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሰጣሉ። ይህ ጋዝ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩትን ሰዎች የሚገድለው መርዝ ነው። ስለዚህ ይህ ፋብሪካ በብርቱ ጥንቃቄ የሚሠራ እንጂ በጓሮ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

የግኝቱም ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው፤ ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ1836 እንግሊዛዊው ኤድመንድ ዴቪ ከሌላ የካርባይድ ዓይነት ይህንኑ ነዳጅ ጋዝ አገኘ። በ1862 ጀርመናዊው ፍሪድሪኅ ቮለር ከካልሲየም የሚሠራውን ካርባይድ በቤተ ሙከራው በጥቂቱ ሠራ። በ1892 ግን የካናዳ ተወላጅ የሆነው ቶማስ ዊልሰን በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና አሉሚኒየምን በርካሽ ለማውጣት ሲጥር፣ ኖራና ከሰልን በኤሌክትሪክ እቶን አግሎ ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። ከውሃ ጋር ቢያገናኘው የወጣው ጋዝ ጥቀርሻ ባለው ነበልባል ነደደ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር የኬሚስትሪ ሊቅ የሆነው አንሪ ሙዋሳን እንዲሁ በኤሌክትሪክ እቶን ሠራው። ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ በጥቂቱ ይሠራ የነበረው ነገር በሺህ ቶን የሚሠራ ዕቃ ሆነ።

አሁን ወደ ባሕርዩ እንለፍ። ንጹሕ ካርባይድ ቀለም የለውም፤ በገበያ የሚሸጠው ግን ልዩ ልዩ ጉድፍ ስላለበት ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። ክብደቱ ከእኩል ስፍር ውሃ ከ2 እጥፍ ጥቂት ይበልጣል፤ የሚቀልጠውም ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው። በውስጡ ያሉት ሁለት ንጥረ ነገሮች ካልሲየምና ካርቦን ናቸው። ካልሲየም ብረት ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮኖቹን ለካርቦን ይለቅና አዎንታዊ ሙል ይይዛል። ሁለት ካርቦኖችም እርስ በርሳቸው ጠብቀው ተያይዘው የተለቀቁትን ኤሌክትሮኖች ይቀበሉና አሉታዊ ሙል ይይዛሉ። እንዲህ ሙል የያዘው ደቂቅ ክፍል አዮን ይባላል። ሁለቱ ተቃራኒዎች ስለሚሳሳቡ ጠንካራ ድንጋይ ይሆናሉ፤ ሊቃውንትም ይህን ዓይነት አዮናዊ ካርባይድ ይሉታል።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው በስም ብቻ እንዳንሳሳት ነው። ካርቦን ከሲሊኮን ጋር ሆኖ የሚሠራው ካርባይድ ለመሞረጃ የሚሆን እጅግ ጠንካራ ነገር ነው፤ ከተንግስተን ጋር የሚሠራውም ለመብሻና ለመቍረጫ መሣሪያ ጥርስ ይሆናል። እነዚህን ውሃ ምንም አያደርጋቸውም። አዮናዊው ግን ውሃ ባገኘው ጊዜ ወዲያውኑ ይፈርሳል። ተያይዘው የነበሩት ሁለት ካርቦኖች ከውሃው ሃይድሮጅን ወስደው አሴቲሊን የሚባለውን ጋዝ ይሆናሉ፤ ካልሲየሙም ከቀረው ጋር ተዋሕዶ የተለቀለቀ ኖራ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ነገሩ ከኖራ ተነሥቶ ወደ ኖራ ይመለሳል ማለት ነው።

የዚህም ሚዛን የታወቀ ነው። 64 ኪሎ ንጹሕ ካርባይድ ከ36 ኪሎ ውሃ ጋር ሲዋሐድ 26 ኪሎ አሴቲሊንና 74 ኪሎ የተለቀለቀ ኖራ ይሰጣል። በገበያ ከሚገኘው ከ1 ኪሎ ካርባይድ 300 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣል። ከጋዙም ጋር ብዙ ሙቀት ይለቀቃል፤ ከ1 ኪሎ ንጹሕ ካርባይድ የሚወጣው ሙቀት 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አደጋው ከዚህ ላይ ይታያል፤ ያው አንዱ ነገር ነዳጁንም ሙቀቱንም በአንድ ጊዜ ይወልዳልና። ንጹሕ አሴቲሊን ያን ያህል ሽታ የለውም። ከበርሜሉ የሚሸተው ነጭ ሽንኩርት መሰል ክፉ ሽታ፣ በካርባይዱ ውስጥ ከተቀላቀለው ጉድፍ የሚወጣው የፎስፎረስ ጋዝ ነው፤ እርሱም መርዝ ነው።

ካርባይድ ለዓለም ብዙ አገልግሎት ሰጥቷል። በ1900 ፍሬድሪክ ባልድዊን የሚባል አሜሪካዊ የካርባይድ ፋኖስ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አገኘበት፤ ከዚያ በኋላ የማዕድን ቈፋሪዎች በጨለማው ዋሻ ውስጥ በዚህ መብራት ሠሩ። ከላይ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ከታች ካርባይዱ ጋዙን ያወጣል፣ በአፉ ላይ ነበልባሉ ይበራል። አሴቲሊን ከኦክሲጅን ጋር ሲነድ ሙቀቱ ከ3000 ዲግሪ ይበልጣል፤ ብረት ደግሞ በ1538 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በዚህ ነበልባል ሊበየድና ሊቈረጥ ይችላል። ከዚህም በቀር ካርባይድ በ1000 ዲግሪ ገደማ ከአየር ናይትሮጅን ጋር ሲዋሐድ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን ነገር ይወጣዋል፤ ይህንንም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፍራንክና ካሮ የሚባሉ የጀርመን ሊቃውንት አግኝተውታል።

ሊቅም ቢሆን ከአደጋው ነጻ እንዳልሆነ የስዊድኑ ጉስታፍ ዳሌን ታሪክ ያስረዳል። ይህ ሰው አሴቲሊንን በባሕር ዳርቻ ለሚቆሙ የመርከብ መሪ መብራቶች እንዲያገለግል ያደረገ፣ ፀሐይ ስትወጣ መብራቱ ራሱ የሚጠፋበትን፣ ስትጠልቅም የሚበራበትን ብልሃት የፈጠረ ነው። በ1912 በጋዙ ላይ ምርመራ ሲያደርግ ፈንድቶበት ሁለቱም ዐይኖቹ ጠፉ። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያም በኋላ ዐይነ ስውር ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1937 ድረስ ኩባንያውን መራ። ለብዙ መርከበኞች መብራት የሰጠ ሰው የራሱን ብርሃን በዚያው ነገር ማጣቱ፣ ይህን ጋዝ የሚነካ ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ነው።

እንግዲህ የጥንቃቄው ሥርዓት ይህ ነው። አንደኛ፣ በርሜሉ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጣሪያው በማያፈስስና ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቤት ይቀመጥ። አሴቲሊን ከአየር ጥቂት ስለሚቀልል ከጣሪያው ሥር ይከማቻልና በቤቱ ላይኛው ክፍል የአየር መውጫ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በርሜሉ የእሳት ብልጭታ በሚያወጣ መሮና መዶሻ አይከፈት፤ በአጠገቡም ሲጃራ፣ ሻማና ፋኖስ አይቅረብ። ከ100 እጅ አየር ውስጥ 2 እጅ ተኩል አሴቲሊን ቢገኝ እንኳ ለመንደድ ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ ጋዙ በንጹሕ የመዳብ ቱቦ አይተላለፍ፤ ከመዳብ ጋር ተዋሕዶ በጥቂት ንክኪ የሚፈነዳ ነገር ይሠራልና። አራተኛ፣ በኀይል እየተጫነ በባዶ ዕቃ ውስጥ አይከተት፤ በታመቀ ጊዜ አየርና እሳት ሳያገኝ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ፋብሪካዎች በሲሊንደር የሚያሽጉት አሴቶን በሚባል ፈሳሽ አሟምተው፣ ሲሊንደሩንም ቀዳዳ በበዛበት ነገር ሞልተው ነው። ስለዚህ ብልሃቱን ሳያውቅ ጋዙን በተገኘው ዕቃ የሚያጠራቅም በያጅ በሕይወቱ ይጫወታል።

ከሁሉ የሚበልጠው አምስተኛው ነው። የካርባይድ መጋዘን በተቃጠለ ጊዜ ውሃ አይደፋበት። ውሃ ባፈሰሱበት ቍጥር አዲስ ጋዝ ይወለዳል፤ እሳቱም ይበረታል። ሰው ካለ ቶሎ ይራቅ፤ እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ ደረቅ አሸዋ ወይም ለዚህ የተዘጋጀ ደረቅ ዱቄት ይበተንበት። እንግዲህ ከሐይቁ ዳር ያለው ሰው መልካም እሠራለሁ ብሎ ባልዲውን ሞልቶ ቢሮጥ፣ ጎረቤቱን ለማዳን ያሰበው እጁ ጎረቤቱን ያጠፋዋል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ካልነበረ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ነገር በትክክል ይስማማል።

ሁለተኛው በር የፍራፍሬ ንግድ ነው ብለናል። ማንጎ፣ ሙዝና ፓፓያ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ከራሳቸው ያወጣሉ፤ ይህንንም በ1934 ሪቻርድ ጌን የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ አረጋግጧል። አሴቲሊን በጥቂቱ ይህን ጋዝ ስለሚመስል፣ በብዙ አገር ያሉ አንዳንድ ነጋዴዎች ያልበሰለውን ፍሬ ለቅመው በመካከሉ ካርባይድ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። የፍሬው እርጥበት ጋዙን ያስወጣውና ልጣጩ ቢጫ ይሆናል። ነገር ግን መልኩ ቢበስልም ውስጡ ብዙ ጊዜ ጥሬ ነው፤ ጣዕሙና መዓዛውም ይጎድላል። ከዚህ የከፋው ለብየዳ የሚሸጠው ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፎረስ ጉድፍ ስላለበት፣ መርዙ በፍሬውና በሠራተኛው እጅ ሊቀር መቻሉ ነው። ስለዚህም በህንድ አገር በ2011 የወጣው የምግብ ደንብ በካርባይድ የበሰለ ፍራፍሬ እንዳይሸጥ ከልክሏል።

ማብሰል ለሚሻ ነጋዴ ሌላ መንገድ አለው። የበሰለ ፍሬ ካልበሰለው ጋር በጭድ ውስጥ ማኖር አባቶቻችን የሚያውቁት ብልሃት ነው፤ የበሰለው የሚያወጣው ኤቲሊን ሌላውን ያበስለዋልና። ብዙ ፍሬ የሚነግድ ማኅበር ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከ10000 እጅ አየር 1 እጅ ንጹሕ ኤቲሊን እያደረገ ሊያበስል ይችላል። የአምባሰል ገበሬ ዛፉን ለዓመታት አሳድጎ ያፈራውን ማንጎ፣ ገበያ ለማድረስ አንድ ቀን ለመቅደም ሲባል ማበላሸት፣ ከበላተኛው ጤና ሌላ የአገሩን ፍሬ ስምም ማጥፋት ነው። ስም አንድ ጊዜ ከጠፋ በገንዘብ አይገዛም።

ካርባይድ በበርሜል ታሽጎ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ማስጠንቀቂያው በባዕድ ቋንቋ ተጽፎበት ነው። እዚህ ላይ አምባሰል ራሷ የምታስተምረን ትምህርት አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ አማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመሥራት ቢወዱ እንደሚቻላቸው ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ጽሕፈት ግን ይህንኑ ግዴታ አድርጎት ተገኘ። በአንዲት ቃል ልዩነት የተነሣው ጠብ እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። በበርሜል ላይ የተለጠፈች ወረቀት ከውል ጋር በክብር እኩል ናት ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈውን ሳናስተረጕም መቀበል ጉዳት እንደሚያመጣ ከውጫሌ በላይ የሚመሰክር ስፍራ የለም። ስለዚህ የሚያስመጣው ነጋዴ፣ ውሃ አታስነካ፣ እሳት አታቅርብ፣ ለፍራፍሬ ማብሰያ አታድርግ የሚሉትን ሦስት ቃላት በጐላ የአማርኛ ፊደል እንዲጽፍ ቢደረግ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

አንዳንድ ሰው፣ ኖራው ካለን ለምን በአገራችን አንሠራውም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚገባ ነው። የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን የሚቀርበው ከአገራችን ምድር ነው። 1 ቶን ካርባይድ ለመሥራት 3000 ኪሎ ዋት ሰዓትና ከዚያም በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም 5150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታነጸ ነው። ነገር ግን ከሰሉ ከደን ተቈርጦ የሚከሰል ከሆነ አንዱን ሠርተን ሌላውን ማፍረስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፋብሪካ ማሰብ ሒሳብ ለሚያውቁ መሐንዲሶች የሚተው ነው፤ የዕቃውን ባሕርይ ማወቅ ግን ፋብሪካ እስኪቆም ድረስ የሚቈይ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ለሁለት ወገኖች የምናሳስበው አለን። የወረዳና የከተማ ሹማምንት በግዛታቸው ካርባይድ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሸጠው መዝግበው ይያዙ፤ መጋዘኑ ከገበያና ከትምህርት ቤት የራቀ መሆኑን ይመርምሩ፤ በአጠገቡም ደረቅ አሸዋ እንዲዘጋጅ ያድርጉ። የተረፈው የኖራ ጭቃ ጋዙ እስኪያልቅ ድረስ በሜዳ ላይ፣ ሕፃናትና እሳት በማይደርሱበት ጕድጓድ ይቈይ፤ በጐርፍ ተወስዶ ወደ ሐይቁ እንዳይገባም ይጠበቅ፤ በደረቀ ጊዜ ለግድግዳ ቅብ ሊሆን ይችላል። ካህናትና መምህራን ደግሞ ሕዝቡ ቃላቸውን የሚሰማ ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ስፍራ ይህን አጭር ምክር ቢነግሩት አንድ ነፍስ እንኳ ቢያድኑ ድካማቸው ከንቱ አይሆንም። ደብረ ሐይቅ በጥንቱ ዘመን መጻሕፍት የተጻፉበትና ሊቃውንት የወጡበት ስፍራ ነበር፤ የዛሬውን ዕውቀትም ለሕዝብ ማካፈል ከዚያ ልማድ የተለየ ሥራ አይደለም።

ካርባይድ ራሱ ክፉ ወይም በጎ አይደለም። ደረቅ ስፍራ የሰጠው ሰው ብረቱን ይበይድበታል፤ ውሃ የሰጠው ሰው ቤቱን ያቃጥልበታል። ለሁለቱ ልዩነት ምክንያቱ ዕውቀት ብቻ ነውና፣ ዕውቀቱ ከበርሜሉ ቀድሞ ወደ መጋዘኑ እንዲገባ ሁላችንም በየሥራችን ልንተጋ ይገባናል።